አባት እስከ ማዋለጃ ክፍሉ በር ድረስ ብቻ ለምን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ እናቶች ጤና በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ጽሑፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ መድኃኒት አቅርቦት፣ ስለ ባለሙያዎች ቁጥርና ስለ እናቶች ሞት የሚያወሱ ሲሆኑ፣ ሁሉም ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። እኔ በቅርቡ በአዲስ አበባ ከሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ የመጀመሪያ ልጄን ያገኘሁ አባት እንደመሆኔ፣ እምብዛም የማይነሳ አንድ ጉዳይ ለማንሳት እወዳለሁ። ይኸውም ምጥ የያዛት ሴት ማዋለጃ ክፍል ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትገላገል ድረስ ከራሷ ሰዎች አንድም እንኳ አጠገቧ እንዳይሆን የሚያደርገው አሠራር ነው። ምክንያቱን በጠየቅኩ ቁጥር የተሰጠኝ መልስ «አሠራራችን ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ ያሳየኝ ሰው ግን የለም።

ነገሩን ይበልጥ ከባድ የሚያደርገው በእርግዝናው ወራት ባል በየደረጃው የሚፈለግ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ክትትል የጀመረች ሰሞን «በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች፤ ሄድኩ፣ የኤችአይቪ ምርመራውንም አብረን አደረግን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀጠሮዎች አዋላጅ ነርሷ ሁለታችንንም አስቀምጣ ገንዘብ እንድንቆጥብ፣ ሌሊት ቢሆን የሚያደርሰንን መኪና ከወዲሁ እንድናስብ፣ ደም ቢያስፈልግ የሚለግስ ዘመድ እንድንለይ መከረችን። ደም መፍሰስ፣ ከባድ የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የሽርት ውኃ ያለ ጊዜው መፍሰስ ቢታይ ሳንውል ሳናድር እንድንመጣ የአደጋ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስረዳችን። ትምህርቱ እጅግ ጠቅሞናል፤ ላስተማረችን ባለሙያ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን መዘግየቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለመሄድ ሳይወስኑ መዘግየት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ በጊዜው ሳያገኙ መዘግየት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባል ዋነኛ ተጠያቂ ተደርጎ ይታያል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህንኑ ያስተምራሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ያ ሁሉ ትምህርት የተሰጠው ሰው በሩ ይዘጋበታል። የአደጋ ምልክት እንዲያውቅ የተማረ ሰው፣ ምልክቱ ሊታይ በሚችልበት ዋና ሰዓት ከስፍራው እንዲርቅ ይደረጋል።

ባለቤቴን ምጡ የጠናባት ወደ ምሽት ነበር። ሆስፒታሉ ደርሰን ካርድ ከወጣ በኋላ፣ ተረኛዋ አዋላጅ መርምራት «የማህፀኗ በር አምስት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፤ ትተኛለች» አለችን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምጡ በመጣ ቁጥር ወገቧን እያሸሁ፣ ክንዴን ይዛ ስትራመድ እየደገፍኳት ነበር። ከዚያም እሷ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የጥበቃ ሠራተኛው ወጥቶ «ወንድሜ፣ የባለቤትህን ልብስ ተረከብ» ብሎ አንድ ፌስታል ሰጠኝ። ቀሚሷ፣ ነጠላዋ፣ ጫማዋ፣ ከጆሮዋ የወለቁት ጉትቻዎች በወረቀት ተጠቅልለው በውስጡ ነበሩ። ምንም የማብራሪያ ቃል አልተጨመረበትም። ምጥ የገባች ሴት ልብስ ለቤተሰብ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ፣ ከኋላዬ ቆማ የነበረችው አማቴ ፌስታሉን ስታይ ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ልብሷ ለምን ወጣ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም የምመልስላት አልነበረኝም።

በዚያ ኮሪደር ላይ ብዙ ሰው ነበር። ከአንድ አግዳሚ ወንበር በቀር መቀመጫ ስላልነበረ፣ አብዛኛው ወለሉ ላይ ጋቢና ነጠላ አንጥፎ ተቀምጧል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም እንነሳለን፤ የተጠራው ሰው ሄዶ የሚገዛ መድኃኒት የተጻፈበት ወረቀት ተቀብሎ ወደ ውጭ ፋርማሲ ይሮጣል፣ ሌሎቻችን መልሰን እንቀመጣለን። ከክፍለ ሀገር ልጃቸውን ይዘው በሪፈር የመጡ አንዲት እናት «ማርያም ማርያም» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲማጸኑ ነበር። እኚህ ሴት ስንቱን የጎረቤት ልጅ ምጥ ላይ ሆኖ ያዩ፣ አጠገብ መቀመጥ ምን እንደሚጠቅም ከማንም በላይ የሚያውቁ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ እያማጠች፣ ድምጿን እየሰሙ፣ እጇን እንዲይዙ ግን አልተፈቀደላቸውም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሐኪም በሩን ገርበብ አድርጎ የባለቤቴን ስም ጠራ። ባሏ መሆኔን ስነግረው «የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ስለሆነ በኦፕራሲዮን ይወለዳል፤ እዚህ ጋ ፈርምልን» ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ሐኪሙን በፍጹም አልወቅስም፤ የፅንስ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን እንዳለበት፣ ከዚያ ወርዶ ሳይመለስ ከቆየ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ እንዳላት በኋላ ራሱ በትዕግሥት አስረድቶኛል። በዚያች ሰዓት ሥራው ያለው ከእሷና ከልጁ ጋር እንጂ በር ላይ ከቆመ ሰው ጋር አልነበረም። የምለው ሌላ ነው። ምሽቱን አብሬያት ብሆን ኖሮ የልብ ምቱ ሲወርድ፣ ባለሙያዎቹ በግራ ጎኗ ሲያስተኟትና ኦክስጅን ሲሰጧት፣ ሐኪሙ ሲጠራ አይቼ ነበር፤ ውሳኔው ላይ ሲደረስም ለሁለታችንም በአንድ አፍ ይነገረን ነበር። እንደሆነው ግን እሷ ለብቻዋ ፈረመች፣ እኔም ለብቻዬ ፈረምኩ፤ አንዳችን ሌላችን ማወቅ አለማወቃችንን እንኳ ሳናውቅ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴት ልጃችን በሰላም ተወለደች፣ እናቷም ዳነች። ያንን ሌሊት ያዳኗቸው እነዚያው ሐኪሞችና አዋላጆች መሆናቸውን እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባኛል። ከእነሱ መካከል እስከ ንጋት ድረስ ወንበር ላይ አረፍ ስትል ያላየኋት አዋላጅ ነበረች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እነሱን ለመክሰስ አይደለም።

ባለቤቴ ካገገመች በኋላ ስትነግረኝ ከሁሉም የከበዳት ሕመሙ አልነበረም። በግራና በቀኟ የሚያምጡ ሴቶች ነበሩ፤ በአልጋዎቹ መካከል የመጋረጃ ዘንግ ተሰቅሏል፣ መጋረጃው ግን የለም። ውኃ ጠምቷት ስትጣራ፣ የነበረችው አንዲት አዋላጅ የሌላዋን ሴት ልጅ እየተቀበለች ስለነበር ልትደርስላት አልቻለችም። «ባለቤቴ ውጭ አለ ወይስ ሄዷል?» ብላ ያለፈውን ሁሉ ጠይቃ የመለሰላት አላገኘችም። ከሦስት ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ እንደነበር የነገርኳት ልጃችንን ታቅፋ ነው።

ይህ ሁሉ የስሜት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የሕክምናው ዓለም ራሱ ምን እንደሚል ላስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ምጥና ወሊድ ክብካቤ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ማንኛዋም ሴት በምጥም በወሊድም ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን በግልጽ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ያሰባሰበው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማም፣ በምጥ ወቅት ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ያለ መሣሪያና ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል፣ የምጡ ጊዜ እንደሚያጥር፣ ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ስሜት ይዘው የሚቀሩትም እንደሚያንሱ አሳይቷል፤ ጉዳት ማድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የባለቤቴ ኦፕራሲዮን በእኔ መኖር ይቀር ነበር ማለቴ አይደለም፤ የልጃችን የልብ ምት ግድ ያለው ነገር ነበር። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቅ፣ መድኃኒት የማያስገዛ፣ በጥናት የተደገፈ እርዳታ በሩ ላይ ተቀምጦ እያለ ለምን እንደማይገባ ሊብራራልን ይገባል።

የአዋላጆቹን ሥራ ብዛት ያየ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ለእነሱም እንደሆነ ይረዳል። አንዲት አዋላጅ የእያንዳንዷን ወላድ የፅንስ የልብ ምት ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ማዳመጥ፣ የምጡን ሂደት ፓርቶግራፍ በተባለው የመከታተያ ቅጽ ላይ መመዝገብ፣ የደም ግፊት መለካት፣ በመሃል ደግሞ የሚወለደውን መቀበል አለባት። ወገብ የምታሽበት፣ ውኃ የምታቀምስበት፣ «አይዞሽ» የምትልበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ይህን ለማድረግ ሙያ አያስፈልግም፤ እናት፣ እህት ወይም ባል ይበቃል። በተለይ ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደም በብዛት ሊፈስ የሚችልባቸው ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ደግሞ እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። አንሶላው እየራሰ መሆኑን፣ ወላዷ እየገረጣችና እየደከመች መሆኑን አይቶ «ሲስተር፣ ቶሎ ድረሺልን» የሚል አንድ ዘመድ አጠገቧ ቢኖር ለሥራው እንቅፋት ሳይሆን ተጨማሪ ዓይን ነው።

ለእገዳው ሊቀርብ የሚችለውን ምክንያት አልናቅሁትም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሴቶች በሚያምጡበት ሁኔታ የአንዷ ባል ሲገባ የሌላዋ ገመና ይጋለጣል፤ ይህ እውነት ነው፣ የማትፈልግ ሴት መብቷ ሊጠበቅላትም ይገባል። ሆኖም መፍትሔው ያለው ባዶውን በተሰቀለው በዚያ ዘንግ ላይ ነው። መጋረጃ የሌለው አዳራሽ ዘመድ ቢገባም ባይገባም የወላዶቹን ክብር አይጠብቅም፤ የጽዳት ሠራተኛውም፣ ተለማማጅ ተማሪዎቹም፣ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሰውም ያልፉበታል። ጨርቅ ማሰፋት ከሆስፒታል በጀት በላይ የሆነ ነገር አይደለም። መጋረጃው እስኪሰቀል ድረስ ደግሞ ሴት አጃቢ፣ ማለትም የወላዷ እናት ወይም እህት፣ እንድትገባ መፍቀድ ይቻላል። አጃቢዎች ከባለሙያ ጋር እንደሚጋጩ፣ ክፍሉን እንደሚያጨናንቁ የሚነሳውም ስጋት መሠረት አለው፤ ለዚህም አጃቢው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ንጹሕ ጋውን እንዲለብስ፣ በወላዷ ራስጌ በኩል እንዲቆም፣ ባለሙያው ውጣ ባለ ጊዜ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በከተማችን ባሎች እንዲገቡ የሚፈቅዱ የግል ሆስፒታሎች አሉ። የመክፈል አቅም ያለው ሰው የሚያገኘውን ይህን እርዳታ፣ ምንም የማያስከፍል ሆኖ ሳለ የመንግሥት ሆስፒታል ተገልጋይ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

በባህላችን ወንድ ምጥ ቤት አይገባም የሚሉኝ ሽማግሌዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ባህላችን ሴትን ለብቻዋ አማጪ ብሎም አያውቅም። ቤት ውስጥ ስትወልድ እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቶቿ ይከቧታል፤ አንዷ ከኋላ ትደግፋታለች፣ አንዷ ወገቧን ትይዛለች፣ ሌሎቹ ማርያምን ይለማመናሉ፣ ልጁ ሲወርድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ባሏን ያልፈለገች እናቷን ትምረጥ፤ እናቷ የሩቅ ከሆነች እህቷን ወይም ጓደኛዋን ትምረጥ። የምጠይቀው ለባሎች መብት እንዲሰጥ ሳይሆን ወላዷ ምርጫ እንዲኖራት ነው። ባለቤቴ ምርጫ ቢሰጣት መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎም እኔን ትጠራ እንደነበር ነግራኛለች፤ እኔም በዚያ ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባም ይሰፋል። በአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም ውስጥ የሚወለዱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ብዙ ሰው የደከመበት ነው። ያም ሆኖ በዚያው በ2008ቱ ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት የተወለዱት ቤት ውስጥ ነበር። ሴቶች ወደ ጤና ተቋም እንዲመጡ ገንፎ የሚገነፋባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው፣ ቀናቸው የተቃረበ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ የተሠራባቸው ጤና ጣቢያዎች በየገጠሩ አሉ። ገንፎውን በር ላይ አስገብቶ ገንፎ የምትገነፋዋን እናት ውጭ ማስቀረት ግን ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት እንደነበር ይታወቃል። ባለሙያ ሩኅሩኅ እንዲሆን ሲጠየቅ፣ ርኅራኄውን የሚጋራው የወላዷ ቤተሰብም ቦታ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

በጎን አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ቀድሞ ምንም ስላልነበረ ይህም በጎ ጅምር ነው። ነገር ግን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ቤቷ የምትገባው ያ ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው፤ ስፌቱ ገና አልዳነም፣ ዕቃ ማንሳት አትችልም፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ይነቃል። እኔ የአራሷን አልጋ አንጥፌ ሳልጨርስ ወደ ሥራ ተመለስኩ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባቶች 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ስለነበር፣ በግሉ ዘርፍ ያለነውም ወደዚያ እንድንጠጋ ሕግ አውጪዎቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን የማዋለጃ ክፍሉ ነው። ጤና ሚኒስቴርና የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በመንግሥት ተቋማት የምትወልድ ሴት የመረጠችውን አንድ አጃቢ ይዛ መግባት እንደምትችል በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ ይህም በየሆስፒታሉ መቀበያ ላይ ሰው ሊያነበው በሚችል ቦታ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። በአልጋዎቹ መካከል መጋረጃ ያልተሰቀለባቸው አዳራሾች ተለይተው ቅድሚያ ይሰጣቸው። አጃቢ ማስገባት ለጊዜው በማይቻልበት ተቋም ደግሞ፣ በየተረኛው አንድ ሰው ተመድቦ ውጭ ላለው ቤተሰብ የወላዷን ሁኔታ፣ ለወላዷም የቤተሰቧን መኖር በየተወሰነ ሰዓት ያስታውቅ። ልብስ ሲወጣ ለምን እንደወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር። በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚሰጠው ትምህርትም አጃቢ በምጥ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ምን ማድረግ እንደሌለበት የሚያስረዳ ክፍል ቢጨመርበት፣ አዋላጆቹ የሚፈሩት ጭቅጭቅ አብዛኛው አስቀድሞ ይቀር ነበር።

ዝግጅት ክፍሉም ይህን ደብዳቤ ካወጣ በኋላ የሚመለከታቸውን የሥራ ኃላፊዎች አነጋግሮ ምላሻቸውን ለአንባቢ ቢያደርስልን፣ የአዋላጅ ነርሶችንም ሐሳብ ቢያስተናግድ ታላቅ ውለታ ነው። እነሱ ከእኔ የሚለይ ሐሳብ ካላቸው ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት
ከአዲስ አበባ